ማክቡኬን ከውጭ በሚሰካ ኤስኤስዲ ላሠራው?

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ጠያቂው የሠርግ ፎቶና ቪዲዮ ይሠራል። እንዲህ ይላል፦ «የ2012 (እ.ኤ.አ.) ማክቡክ ፕሮ 13 ኢንች አለኝ። መጀመሪያ እየተንቀራፈፈ መጣ። ከዚያ ሲከፈት የጥያቄ ምልክት ያለበት ፎልደር ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ሃርድ ዲስኩ ሞቷል ተብዬ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) አስገባሁ። ጥቂት ወራት ሠርቶ ያው ፎልደር ተመለሰ። አሁን ደግሞ ማዘርቦርዱ ነው፣ 1 ቴራ ኤክስተርናል ኤስኤስዲ ገዝተህ ከውጭ አሠራው ተባልኩ። ያዋጣኛል?»

ወንድሜ፣ ብርህን ለጊዜው ያዝ። ከውጭ ማሠራት ይቻላል፤ በዚህ ማሽን ላይ ደግሞ በጥሩ ፍጥነት ይሠራል። ነገር ግን ከጻፍከው ውስጥ አዲስ ዲስክ የሚያስገዛ ነገር አላየሁም። የሚያስፈልገው ዲስክ እጅህ ላይ ነው።

በዚህ ሞዴል ላይ ሁለት ዲስክ ተከታትሎ «ሞተ» ሲባል መጀመሪያ የምጠረጥረው ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ስስ ጥቁር ገመድ ነው። የዚህ ማሽን የታወቀ በሽታ ነው። ገመዱ በዲስኩ ጠርዝ ላይ ታጥፎ ይሄዳል። ከታችኛው የአሉሚኒየም ክዳን ጋር ይፋተጋል፣ መታጠፊያው ላይም እየደከመ ይመጣል። ክፋቱ ደግሞ አንዴ ቁርጥ ብሎ አይሞትም። ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ስታክ ያደርጋል፣ ከነገ ወዲያ ፎልደሩን ያሳይሃል። የድሮውን ዝግ ያለ ሃርድ ዲስክ እያነከሰም ቢሆን ይሸከማል፤ ፈጣን ኤስኤስዲ ሲገባ ግን ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ተቀይሮ የወጣውን ሃርድ ዲስክም ጥለኸው ካልሆነ አስመርምረው። ደህና ሊሆን ይችላል።

አሁን እንዲህ አድርግ። ማሽኑን አጥፋና ገልብጠው። ከታች 10 ብሎኖች አሉ፤ ሦስቱ ረጃጅም ስለሆኑ የየትኛው ቀዳዳ እንደሆኑ ምልክት ያዝ። ክዳኑ ሲነሳ ሌላ ነገር ከመንካትህ በፊት የባትሪውን ሶኬት ንቀል። ኤስኤስዲውን የያዘችውን ትንሽ ፕላስቲክ ፈትተህ ዲስኩን አውጣው። ጎንና ጎኑ ላይ ያሉት አራት ብሎኖች በተራ ካቻቢቴ አይፈቱም፤ ቲ6 ቶርክስ (ጫፉ ኮከብ የሚመስል መፍቻ) ይፈልጋሉ።

ያወጣኸውን ኤስኤስዲ ለ2.5 ኢንች ዲስክ በተሠራ ዩኤስቢ 3.0 ኬዝ ውስጥ ክተተው። የኬዙ ዋጋ ከአዲስ ኤስኤስዲ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ከተገኘ ዩኤኤስፒ (መረጃ በዩኤስቢ ፈጥኖ እንዲያልፍ የሚያደርግ ዘዴ) የሚደግፈውን ምረጥ፤ ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ባትሪውን መልሰህ ክደነው፣ ዲስኩን በግራ በኩል ካሉት ሁለት ዩኤስቢዎች በአንዱ ሰካ። ማሽኑን ስታበራ ድምፁን እንደሰማህ ኦፕሽን ቁልፍን ተጭነህ ያዝ። ብርቱካናማ የዲስክ ምልክት ይመጣል፤ እሱን ምረጥ። ማክ በዩኤስቢ በኩል ካለ ዲስክ መነሳት ስለማይቸግረው ፎርማት ማድረግም ሆነ እንደገና መጫን አያስፈልግም። ፋይልህ፣ ፕሮግራምህ፣ ሁሉም እንደነበረ ይነሳል።

ከተነሳ መጀመሪያ የደንበኞችህን ሥራ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጥ። ሠርግ ሁለቴ አይነሳም።

ከዚያ ጥቂት ቀን ከበድ ያለ ሥራ አሠራበት። ካልተንገዳገደ ዲስኩ ጤነኛ ነው። ተጨማሪ ማስረጃ ከፈለግህ ዲስኩን ከነኬዙ ዊንዶውስ ላይ ሰክተህ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው የዲስክ ጤና በሚያሳይ ፕሮግራም እየው። ብዙ ዲስኮች ላይ ሲ7 የሚባል መስመር አለ። የሚቆጥረው በዲስኩና በማዘርቦርዱ መካከል ተበላሽቶ የደረሰ መረጃን ነው። ያ ቁጥር ከፍ ብሎ፣ የተበላሹ ሴክተሮችን (የዲስኩን መረጃ መያዣ ክፍልፋዮች) የሚቆጥሩት 05 እና ሲ5 ዜሮ ከሆኑ፣ ጥፋቱ መንገዱ ላይ ነው ማለት ነው።

ስለ ፍጥነቱ አትስጋ። የአንተ ማሽን ዩኤስቢ 3.0 አለው፤ በወረቀት ላይ 5 ጊጋቢት በሰከንድ ነው፣ በተግባር 400 ሜጋባይት አካባቢ ታገኛለህ። አብሮት የመጣው ሃርድ ዲስክ 100 አካባቢ ነበር። ውስጥ ቢገባ ከ500 ያልፋል፤ ፎቶ ስታርም ግን ልዩነቱ ብዙም አይታወቅህም። ብቻ አንድ ነገር አረጋግጥ። የአፕል ምልክቱን ነክተህ «About This Mac» የሚለውን ስትከፍት የ2012 አጋማሽ መሆኑን ሊነግርህ ይገባል። ከማሽኑ ሥር የተጻፈው ኤ1278 አይበቃም፤ የ2011ዱም ያንኑ ቁጥር ይዟል። የ2011ዱ ዩኤስቢ 2.0 ብቻ ስለሆነ በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። በዚያ ላይ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ራስን መቅጣት ነው።

በዚሁ ለመቀጠል ከወሰንክ ሲስተም ፕሪፈረንስ ውስጥ ገብተህ ስታርትአፕ ዲስክ የሚለው ላይ ኤክስተርናሉን ምረጥ፤ በየቀኑ ኦፕሽን ከመጫን ትገላገላለህ። ዲስኮች እንዲያንቀላፉ የሚያደርገውን ምርጫም አጥፋው። ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ በ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ላይ ረብሻ ይፈጥራል። ዲስኩን ስትሰካ ኢንተርኔቱ ከደከመ ወይም ገመድ አልባ ማውሱ ከተንቀራፈፈ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ስለሚችል አጭርና ጥሩ ገመድ ተጠቀም፣ ራውተሩ ካለው ወደ 5 ጊጋኸርዝ ዙር። ዲስኩ ላይ ሁልጊዜ ባዶ ቦታ ተው፤ በዩኤስቢ ሲሆን ማክ የተሰረዘውን ቦታ ለኤስኤስዲው የሚያሳውቅበት ትሪም አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፣ ሲሞላ ይዘገያል።

ትልቁ አደጋ ግን እየሠራህ የዩኤስቢ ገመዱ መነቀሉ ነው። ሲስተሙ ከእግሩ ሥር ተነጠቀ ማለት ነው፤ ወዲያው ይደርቃል፣ ክፍት የነበረ ፋይልም ሊበላሽ ይችላል። ሠርግ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው በሚተራመስበት፣ እኔ አልደፍረውም። ዲስኩን በሚጣበቅ ቬልክሮ የስክሪኑ ጀርባ ላይ ለጥፈው የሚሠሩ አሉ፤ ለቢሮ ይበቃል።

ለዚህ ነው የውስጡን ገመድ ቀይረህ ዲስኩን ወደ ውስጥ መልሰው የምልህ። ስትገዛ የ2012 መሆኑን አስረግጠህ ጠይቅ፤ የየዓመቱ ይለያያል። ለአንተ የሚሆነው የተሻሻለው 821-2049-ኤ የሚል ቁጥር ያለው ነው። ሲገጠም አጥብቀህ አትጠፈው። ገመዱ ክዳኑን በሚነካበት ቦታ፣ በክዳኑ በኩል፣ ናስትሮ ለጥፍበት። አዲስ ገመድ ተገጥሞም ፎልደሩ ከተመለሰ ያኔ ማዘርቦርዱን እንጠረጥራለን፤ በኬዝ ማሠራቱም ያኔ ቋሚ መፍትሔህ ይሆናል።

1 ቴራው ለፋይል ማስቀመጫ ያስፈልገኛል ካልክ ግዛ፤ ግን 16 ቴራ በርካሽ ከሚሉህ ሽሽ። ሲከፈቱ ውስጣቸው ሚሞሪ ካርድ የተገኘባቸው አሉ። ኮምፒውተሩ 16 ቴራ ያነባል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን የምትጽፈው ሁሉ ይጠፋል።

ዴል ወይም ኤችፒ ይዛችሁ ይህን የምታነቡ፣ ነገሩ ለእናንተ ይለያል። የዊንዶውስ መጫኛ በዩኤስቢ የተሰካ ዲስክ ላይ አልጭንም ይላል፤ ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም «ዊንዶውስ ቱ ጎ» የሚለውን መርጣችሁ ማዘጋጀት አለባችሁ። ሊኑክስ ያለ ጣጣ ይጫናል፤ ሆኖም ከመጫናችሁ በፊት የውስጡን ዲስክ ንቀሉት፣ አለበለዚያ ማስነሻውን እዚያኛው ላይ ሊጽፈው ይችላል።

ወደ አንተ ልመለስ። ክዳኑን እንደከፈትክ ባትሪውን እየው። አብጦ ከሆነ፣ ወይም ከሰሞኑ የመዳፊት ሰሌዳው (ትራክፓዱ) አልጫን ብሎህ ከነበረ፣ ሌላውን ሁሉ አቁመህ መጀመሪያ እሱን አስቀይር።