“ነገ ቢደርስበትስ?”

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ክርስቲያንም ነኝ። “ሁለቱን እንዴት አስታረቋቸው?” የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እውነቱን ለመናገር በእናንተ ዕድሜ ክርክር ማሸነፍ እንጂ ማስታረቅ አላማረኝም። ዘወትር የምመዘው ሰይፍ አንድ ነበር፦ “ሳይንስ እዚህ ጋ አልደረሰበትም፤ ስለዚህ የእግዚአብሔር ሥራ ነው።” አንድ ቀን ጓደኛዬ “ነገ ቢደርስበትስ?” አለኝ። ዝም አልኩ።

መልሱን ያገኘሁት ቆይቶ ከጆርጅ ለሜትር ታሪክ ነው። ለሜትር ቤልጅየማዊ የካቶሊክ ካህንና የፊዚክስ ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ከአንስታይን እኩልታዎች ተነስቶ ጽንፈ ዓለም እየሰፋ ነው ሲል ጻፈ። አንስታይን ሒሳቡን ተቀብሎ ፊዚክሱን ግን አልወደደለትም። በ1931 ደግሞ ሁሉም ነገር ከአንድ “ቀዳማዊ አቶም” ጀመረ አለ። ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለው ሐሳብ ሥሩ እዚያ ነው። ካህን በመሆኑ ዘፍጥረትን በሒሳብ ሸፍኖ ያስገባ የመሰላቸው አልጠፉም።

በ1951 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ይህን ግኝት ለፍጥረት ምስክርነት አድርገው ተናገሩ። ለሜትር ደስ ሊለው ይገባ ነበር አይደል? ጭራሽ ከፋው። ንድፈ ሐሳቡ ለአማኙም ለማያምነውም እኩል ክፍት ነው ባይ ነበር። የሳይንስ ሐሳብ ሊታረም፣ ሊጣልም ይችላል። እምነታችሁን እሱ ላይ ካሰራችሁት አብሮ ይወድቃል። (በነገራችን ላይ ሐሳቡ አልተጣለም። በ1965 ይፋ የሆነው ከሰማይ ሁሉ አቅጣጫ የሚመጣ ደካማ ጨረር ደገፈው። ለሜትርም በ1966 ከማረፉ ጥቂት ቀደም ብሎ ወሬውን ሰማ።)

የሕይወት አጀማመር ላይም ያው ችኮላ አለ። በ1953 ኬሚስቶቹ ሚለርና ዩሬ ሚቴን፣ አሞኒያ፣ ሃይድሮጂንና የውሃ እንፋሎት በኤሌክትሪክ ብልጭታ መትተው አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚገነባበትን ንጥረ ነገር፣ አገኙ። አንዱ ወገን “በቃ፣ ፈጣሪ አያስፈልግም” አለ። አሚኖ አሲድ እኮ ገና ጡብ ነው፤ ቤቱ አልተሠራም። ሌላው ወገን “ሕዋስ መሥራት አቃታቸው!” ብሎ እልል አለ። ይሄ ደግሞ የእኔው የድሮ ሰይፍ ነው።

ዘፍጥረትን ስታነቡም ቀስ በሉ። ፀሐይ የተፈጠረችው በ4ኛው ቀን ነው። ታዲያ የመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ምን ዓይነት ቀን ነበሩ? ይህን የጠየቀው ከሃዲ እንዳይመስላችሁ፤ ከ1,600 ዓመት በፊት አውግስጢኖስ ነው፤ ያውም ጳጳስ ሆኖ። ክርስቲያን ስለ ሰማይና ምድር የማያውቀውን ሲዘባርቅ የሰማ ሰው፣ ስለ ትንሣኤ ሲነግረው እንዴት ያምነዋል ብሎም ተቆጥቷል። እኔ ያን ቁጣ ስንት ጊዜ እንደሚገባኝ አስቡት።