ዚንክ፦ ከልጅ ተቅማጥ እስከ ፀጉር መነቃቀል

ጥያቄ፦ የ14 ወር ልጄን ተቅማጥ ይዟት ለምለም (በውሃ የሚበጠበጠው ኦ.አር.ኤስ) እና 10 ፍሬ ዚንክ ታዘዘላት። በሦስተኛው ቀን ተሻላት። ላቁመው?

መልስ፦ አያቁሙት፤ 10ሩንም ቀን ትውሰድ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተቅማጥ ዚንክን ከሰውነት ጠርጎ ይወጣል፤ አንጀት እንዲያገግም የጎደለው መተካት አለበት። ሳያቋርጥ የጨረሰ ልጅ በቀጣዮቹ ከ2 እስከ 3 ወራት ተቅማጥ ዳግም የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል። መጠኑ ለእሷ በቀን አንዴ ባለ 20 ሚሊግራም አንድ ፍሬ፣ ከ6 ወር በታች ላለ ግማሽ ፍሬ ነው። 2 ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ትተፋብኛለች። ለምለሙ ውስጥ ብበጠብጠውስ?

መልስ፦ ሊትሩን ሙሉ ስለማትጨርሰው መጠኑ ይጎድልባታል። ፍሬውን ንጹሕ ማንኪያ ላይ አድርገው ጥቂት የጡት ወተት ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጠብ ያድርጉበት፤ ወዲያው ይሟሟል። ብረት ብረት ስለሚል ፊቷን ብታጨማድድ አይደንግጡ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰች ሌላ ፍሬ ይስጧት። ለምለሙም አይቋረጥ፤ ዚንክ የወጣውን ፈሳሽ አይተካም። አንድ ከረጢት በ1 ሊትር ይበጠበጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃታት፣ ከፈዘዘች ወይም ሰገራዋ ደም ካለው ሳይውሉ ሳያድሩ ያሳክሟት።

ጥያቄ፦ ጾመኛ ነኝ፤ ፀጉሬ ይነቃቀላል። በቀን 50 ሚሊግራም ልጀምር?

መልስ፦ ይበዛል። ለአዋቂ ሴት በቀን 8፣ ለወንድ 11 ሚሊግራም ይበቃል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከ40 ማለፍ የለበትም። ብዙ ዚንክ ለሳምንታት ሲወሰድ አንጀት መዳብን እንዳይመጥ ያደርጋል፤ ውጤቱ ደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ሊሆን ይችላል። ማሸጊያው ላይ ያለውንም ጽሑፍ ልብ ብለው ያንብቡ፦ «ዚንክ ሰልፌት 220» የሚለው ፍሬ ውስጥ ያለው ዚንክ 50 ሚሊግራም ገደማ ነው። ደግሞ ፀጉር በብረት እጥረትም በታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግርም ይረግፋል፤ አስቀድመው ይመርመሩ። በጾም ወቅት ጥራጥሬውን ዘፍዝፈው ውሃውን ይድፉ፣ እንጀራውም በደንብ የቦካ ይሁን። ዚንክን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት በእርሾ ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ዚንክ ከሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን ከተባለው ፀረ ባክቴሪያ) ጋር ይወሰዳል?

መልስ፦ አብረው አይዋጡ፤ ዚንኩ መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ያስቀረዋል። ሲፕሮውን 2 ሰዓት ያስቀድሙ፣ አለዚያም ዚንኩን ከዋጡ ከ6 ሰዓት በኋላ ይውሰዱት።