ሊጡ ይቦካል ወይስ ኩፍ ይላል? ስለ ፒሮዥኪ የቀረበ የቋንቋ ጥያቄ

ጥያቄ፦ እናቴ በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ተምራ የመጣች ናት። በሩሲያኛ ጽፋ ያስቀመጠችውን የፒሮዥኪ (ሥጋ ተሞልቶበት የሚጠበስ የሩሲያ ዳቦ) አሠራር ለልጆቼ ብዬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ፒሮዥኪ» ልበል ወይስ «ፒሮሽኪ»? ወይስ ሰው እንዲገባው «የሩሲያ ሳምቡሳ» ብለው ይሻላል? «ፒሮዥኪዎች» ማለትስ ስሕተት ነው? ይህንንም አንቀጽ አይተው ቢያርሙልኝ፦ «ሊጡ እስኪቦካ ለ1 ሰዓት ይተዉት። የተከተፈውን ሥጋ ከሽንኩርትና ከቅቤ ጋር ይጥበሱ። ፒሮዥኪዎቹን በጥልቅ ዘይት ውስጥ ያብስሏቸው።»

አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ከስሙ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ቃሉ በሩሲያኛ ሲጻፍ «ዥ» አለበት፤ ሲነገር ግን «ኪ» ስለሚከተለው ዥ ወደ ሽ ይለወጣል። «ሮ»ም ጠበቅ ተደርጎ ስለማይነገር ወደ «ራ» ያጋድላል። ሞስኮ ላይ በጆሮ የሚገባው እንግዲህ «ፒራሽኪ» ነው። ጆሮን እንከተል ካልን እስከ መጨረሻው መከተል ይገባናል፤ «ፒሮሽኪ» ግማሹ በዐይን፣ ግማሹ በጆሮ የተጻፈ ቃል ነው። እኔ «ፒሮዥኪ» ቢባል እመርጣለሁ። አንዱን ብቻ ሲጠሩት «ፒሮዦክ» ይሉታል፤ እዚያ ላይ ዥ በግልጽ ይሰማል። «ጎርባቾቭ» ብለን የለመድነውንም ስም ሩሲያውያን ሲጠሩት መጨረሻው «ፍ» ነው፤ እኛ ግን ፊደሉን ተከትለን ጻፍነው፣ ማንም አልተቸገረም። ከ«ፒሮዥኖዬ» ጋር ብቻ እንዳያምታቱት፤ እሱ ጣፋጭ ኬክ ነው።

«የሩሲያ ሳምቡሳ» የሚለውን ግን ይተዉት። የሳምቡሳ ሊጥ እርሾ የማይገባበት ስስ ቂጣ ነው፤ የፒሮዥኪ ሊጥ በእርሾ የሚነሣ፣ ለስላሳ የዳቦ ሊጥ ነው። ቅርጹም ሦስት ማዕዘን ሳይሆን መሐሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ነው። ደግሞ የሳምቡሳ የሥጋ ዘመድ ሩሲያኛ ውስጥ ቀድሞውኑ አለ። ከመካከለኛው እስያ የገባው «ሳምሳ» ከእኛው ሳምቡሳ ጋር ከአንድ የፋርስ ቃል የወረደ ነው። በሊጡ ለሳምቡሳ የሚቀርብ የሩሲያ ጥብስ ከተፈለገም ቼቡሬክ አለ፤ ያለ እርሾ በስሱ ተዳምጦ፣ ጥሬ ሥጋ ገብቶበት፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ይጠበሳል። የክራይሚያ ታታሮች ምግብ ነው። ሩሲያውያን ሲወስዱት «የታታር ፒሮዥኪ» አላሉትም፤ ስሙን እንዳለ ወሰዱት። እኛም እንደዚያው ብናደርግ ምን ይጎድልብናል?

ወደ ብዙ ቁጥሩ ስንመጣ፣ ጥርጣሬዎ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። «ፒሮዥኪ» በሩሲያኛ ራሱ ብዙ ቁጥር ነውና «-ዎች» ሲጨመርበት እንደ «መላእክቶች» እና «ቅዱሳኖች» ድርብ ይሆናል። የግእዙን ብዙ ቁጥር የተማረ ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው «መላእክቶች» ጆሮ ይቆረቁራል። የሩሲያኛውን ብዙ ቁጥር ግን አማርኛ አንባቢ የማወቅ ግዴታ የለበትም። «ማካሮኒ» እና «ስፓጌቲ» በጣሊያንኛ ብዙ ቁጥር ናቸው፤ እኛ «ማካሮኒው በሰለ» እንላለን እንጂ «ማካሮኒዎቹ በሰሉ» አንልም። ስለዚህ «ፒሮዥኪዎች» ስሕተት ነው ብዬ ቀይ ብዕር አላነሣም፤ አያስፈልግም እንጂ። በአማርኛ ማድቤት አምስት ሳምቡሳ ይጠበሳል፣ ሦስት እንጀራ ይወጣል። አሥር ፒሮዥኪም እንዲሁ ይጠበሳል። «ያብስሏቸው» የሚለው ግስ ደግሞ ስለ ሰዎች የሚናገር ያስመስላል።

ዋናው ሥራ አንቀጹ ላይ ነው፤ ከስሙ ይልቅ ግሶቹ ናቸው የባሰባቸው።

«እስኪቦካ» ያለቦታው ገብቷል። «አቦካች» ስንል ዱቄቱን ከውኃ ጋር ያዋሐደችውን ሴት ሥራ መናገራችን ነው፤ «ቦካ» ስንል ግን ሊጡ በራሱ የሚሆነውን፣ ያውም መኮምጠጡን ጭምር። «እስኪቦካ» የሚለውን ያነበበች ባለሙያ የጤፍ ሊጥ ትዝ ብሏት እስከ ነገ ወዲያ ልታቆየው ትችላለች። እዚህ የሚፈለገው ሊጡ አየር ይዞ መጠኑ እጥፍ እንዲሆን ነው፤ ለዚህ «ኩፍ እስኪል» የሚባል የተዋጣለት አነጋገር አለን። እግረ መንገድዎን እርሾውንም «ደረቅ እርሾ» ይበሉት፤ ከቡሃቃ ሥር የሚቀረውም እርሾ ነውና።

«የተከተፈ ሥጋ» ክትፎን ያስታውሳል፤ ክትፎ ደግሞ ጥሬ ነው። በቤት በሚሠራው የሩሲያ አሠራር ብዙ ጊዜ ሥጋው አስቀድሞ ይቀቀላል፣ ከዚያ በሥጋ መፍጫ ይፈጫል። እናትዎ በዚህ መንገድ የሚሠሩ ከሆነ «የተፈጨ ቅቅል ሥጋ» ማለት ነው። የሚከተፈው ሽንኩርቱ ነው።

ሽንኩርቱስ ይጠበሳል ወይስ ይቁላላል? ለሩሲያውያን ሁሉም አንድ ነው፤ ዣሪት የሚሉት ግስ ሥጋውንም፣ ሽንኩርቱንም፣ የሱፍ ፍሬውንም ይሸፍናል። የእኛ ማድቤት ይህን ሁሉ ለያይቶ ነው የሚጠራው። ሥጋ ይጠበሳል፣ ሱፍና ቡና ይቆላል፣ ሽንኩርት ይቁላላል። «ያቁላሉ» ብለው ብቻ ከተዉት ግን አንባቢዎ እንደ ወጥ ቁሌት ሽንኩርቱን በደረቁ ትጀምራለች፤ ለፒሮዥኪ ከመጀመሪያውም በስብ ነው። ስለዚህ «በለጋ ቅቤ ያቁላሉ» ይበሉ። «ለጋ» የምትለዋን ቃል አይርሷት፤ «ቅቤ» ብቻ ካሉ ኮረሪማና ኮሰረት ያለው ንጥር ቅቤ ይገባና ሌላ ምግብ ይሆናል። (እሱም ቢሆን አይጠላም፤ የእናትዎ ማስታወሻ ግን አይደለም።)

«ጥልቅ ዘይት» ከእናትዎ ወረቀት የተገኘ አይመስለኝም፤ ከእንግሊዝኛ ሾልኮ የገባ ነው። በአማርኛ ጥልቅ የሚሆነው ጉድጓድና ሐሳብ ነው። «በብዙ ዘይት» ይበቃል። «ያብስሉ»ም ልል ነው፤ «ይጥበሱ» ይበሉ። «ይጋግሩ»ን ያለ ዘይት በምድጃ ለሚሠራው ፒሮዥኪ ያቆዩት፤ እሱም በሩሲያ የተለመደ ነው። የሚገርመው፣ ሩሲያውያን ብሊኒ የሚሉትን ስስ ቂጣ በመጥበሻ ላይ እየሠሩት «ይጋገራል» ነው የሚሉት፤ እኛም እንጀራን ምጣድ ላይ እየጣድን እንጋግራለን።

ይህን ሁሉ ይዘን፣ እናትዎ የሚያውቁትን መጠን በእኔው ቦታ እየተኩ፣ አንቀጹ እንዲህ ቢጻፍ፦

«500 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ያደባልቁ። 250 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ወተት፣ 1 እንቁላልና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ይለውሱ፤ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ያሹት። ከድነው ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጡና ኩፍ እስኪል 1 ሰዓት ያህል ይጠብቁ። ግማሽ ኪሎ የተፈጨ ቅቅል የበሬ ሥጋ፣ በለጋ ቅቤ ከተቁላላ ሽንኩርት፣ ከጨውና ከቁንዶ በርበሬ ጋር ያዋሕዱ፤ እንዳይደርቅ ሥጋው ከተቀቀለበት መረቅ ጥቂት ጠብ ያድርጉበት። ሊጡን እንቁላል እንቁላል እያሳከሉ ያድቦልብሉና በእጅዎ ጠፍጠፍ ያድርጉት፤ መሐሉ ላይ ሥጋውን አድርገው ጠርዙን ገጥመው ቆንጥጠው ይዝጉት። ዘይቱ በሚገባ ሲግል፣ ሳይጨስ፣ የተገጠመውን ወገን ወደ ታች አድርገው ይጨምሩት፤ ያ ወገን ቀድሞ ከተያዘ አይከፈትም። ቀላ ሲል ይገልብጡት። የተረፈውን መረቅ አሙቀው በኩባያ አብረው ያቅርቡት።»