ቀጭን ነኝ፣ ታካሚ አመላላሽ ሆኜ ልቀጠር እችላለሁ?

ሰላም እህታችን። 12ኛ ክፍል ጨርሰሽ በሆስፒታል ለፖርተርነት ልትወዳደሪ መሆኑን፣ «ጉልበት ያንሳታል ብለው ይጥሉኛል» የሚል ስጋትም እንዳለሽ ጽፈሻል።

ጉልበትሽ ብዙም አያስጨንቅሽ። ራሱን የሳተ ታካሚን ከአልጋ ወደ ስትሬቸር ማሻገር የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ 4 ሰው ይፈልጋል። ጭንቅላቱን የያዘው ይቆጥራል፣ የቀሩት በእሱ ቆጠራ አብረው ያነሳሉ። አስቀድሞ የሁለቱም ፍሬን ይያዝ፤ ካልተያዘ ስትሬቸሩ ሸሽቶ ታካሚው መሃል ላይ ይወድቃል።

ፈታኞቹ ይበልጥ ሊያዩ የሚገባቸው ጥንቃቄሽን ነው። ወደ ቀዶ ጥገና የምትወስጂውን ሰው «አቶ እከሌ ነዎት?» ብለሽ አትጠይቂ። የፈራ ወይም ጆሮው የደከመ ሰው ለማንኛውም ስም «አዎ» ይላል። «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» በይና እስከ አያት ድረስ ከካርዱ ቁጥርና ከእጅ አምባሩ ጋር አመሳክሪ። እኛ ዘንድ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ መተኛታቸው ብርቅ አይደለም። የስምምነት ፊርማው ካርዱ ውስጥ መኖሩን፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ጌጥ መውለቁን ከነርሷ ጋር አረጋግጪ።

ታካሚው ከማደንዘዣ በፊት ከጠጣር ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከውሃ 2 ሰዓት መታቀብ አለበት። መንገድ ላይ «ጠዋት ትንሽ ዳቦ በሻይ ቀምሻለሁ» ካለሽ፣ ቀላል ነገር ቢመስልሽም ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳትነግሪ አትመለሺ። በማደንዘዣ ውስጥ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ስትገፊ በጭንቅላቱ በኩል ሁኚ፤ ፊቱን ታያለሽ። የጎን መከላከያው ከፍ ይበል፣ እጁ ውስጥ ይሁን። ራምፕ (ተዳፋት መተላለፊያ) ላይ ለሁለት ግፉ፤ ስትወጡ ጭንቅላቱ፣ ስትወርዱ እግሩ ይቅደም። የሽንት ከረጢቱን ጭኑ ላይ አታድርጊ፤ ሽንቱ ወደ ፊኛው ተመልሶ ኢንፌክሽን ያመጣል። ከአልጋው በታች ይንጠልጠል፣ መሬት ግን አይንካ። ኦክስጅንም አስይ፦ 340 ሊትር የያዘ ሲሊንደር በደቂቃ 10 ሊትር ለሚወስድ ታካሚ 34 ደቂቃ ነው። ሊፍት ከቆመ ይህ ላይበቃ ይችላል። እንዲህ ያለውን ታካሚ ያለ ነርስ ብቻሽን ውሰጂ ቢሉሽ እምቢ ማለት መብትሽ ብቻ ሳይሆን ግዴታሽም ነው። ስትደርሺም ኮሪደር ላይ ትተሽ አትሂጂ፤ ካርዱንና ታካሚውን ለተረካቢዋ ነርስ በእጇ አስረክቢ።

በቃለ መጠይቁ አንቺም ጠይቂ፦ በአንድ ፈረቃ ስንት ሰው ይመደባል? የሄፓታይተስ ቢ ክትባትስ ይሰጣሉ? በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ የሚወሰድ ስለሆነ ሥራ ሳትጀምሪ የመጀመሪያውን ብትወስጂ ይሻላል።