ባሌ ባህር ይፈራል፣ እኔ ደሞ ክሩዝ አምሮኛል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ፣ አምድሽን ሳላነብ አላልፍም። እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 20 ዓመት ሊሞላን ነው፣ ልጆቹ አድገዋል፣ ትልቋ ኮሌጅ ገብታለች ትንሹም መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፣ እና ዘንድሮ ሁለታችን ብቻችንን በነዚህ ትልልቅ መርከቦች ካሪቢያን እንሂድ ብዬ ተነስቻለሁ። ባሌ ግን በጭራሽ አለ። አንደኛ ደሴ ነው ያደገው፣ ዋና አይችልም፣ ባህር ይፈራል። ሁለተኛ ሰባት ሺህ ሰው ታጭቆ ምን እረፍት አለው፣ ውሃ ላይ የተሰራ ሞል ነው ይላል። ሶስተኛ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ዋጋ አትመኚ ይለኛል። እኔ ዜጋ ነኝ እሱ ግን ግሪን ካርድ ነው፣ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው። ደሞ ሁለታችንም ጾም አንሽርም። አንቺ ከባለቤትሽ ጋር ሄደሻል ሲባል ሰማሁና እውነቱን ንገሪኝ ብዬ ነው። ልጎትተው ወይስ ልተወው?
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ እህቴ እንኳን ለ20 ዓመታችሁ አደረሳችሁ። ሰውዬውን አትጎትቺው፣ የጠየቀውን አንድ በአንድ መልሽለትና ራሱ ይወስን፣ ምክንያቱም ያነሳቸው ነገሮች በሙሉ የሚጠየቁ ነገሮች ናቸው።

ከፍርሃቱ ልጀምር። በጥር 2024 ከማያሚ ስራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የሚባለው የሮያል ካሪቢያን መርከብ 365 ሜትር ይረዝማል፣ 20 ፎቅ ነው፣ ታይታኒክ 269 ሜትር ነበር፣ በመጠን ካየሽው ደሞ አይከን አምስት እጥፍ ይሆናል። ይሄን የምነግርሽ ትልቅ መርከብ አይሰምጥም ለማለት አይደለም፣ ግን ትልቅ ሲሆን ማዕበሉ እንደ ትንሹ አያንገላታውም፣ ከስር ደሞ በግራና በቀኝ እንደ አሳ ክንፍ የሚዘረጉ ማረጋጊያዎች አሉት፣ ብዙ ጊዜ መሄዱን እንኳን የምታውቂው በመስኮት ስታይ ነው። ማቅለሽለሽ ከፈራ ክፍላችሁ መርከቡ መሃል ላይ ዝቅ ያለ ፎቅ ይሁን፣ ፊት ለፊትና ከላይ ያሉት ክፍሎች የበለጠ ይወዛወዛሉ። ፋርማሲ ያለ ሐኪም ወረቀት የሚሸጠው ሜክሊዚን የሚባል ኪኒን አለ፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን ፋርማሲስቱን ይጠይቅ። በ2012 ጣሊያን አገር ኮስታ ኮንኮርዲያ የምትባል መርከብ ድንጋይ መትታ ከተገለበጠች ወዲህ ደሞ ደንቡ ጠብቋል፣ መርከቡ ከመነሳቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው አደጋ ቢመጣ የት እንደሚሰበሰብና ላይፍ ጃኬት እንዴት እንደሚለበስ ማየት ግዴታው ነው። ይሄን ሰው እየተሰላቸ ነው የሚያልፈው፣ ባልሽ ግን ቆሞ በደንብ ያዳምጥ፣ የሚሰበሰብበትን ቦታ በእግሩ ሄዶ ሲያየው ልቡ ይረጋጋል። የኔም ባለቤት ዋና አይችልም፣ እሱን ያረጋጋው ይሄው ነው።

አሁን ወደ ሞሉ ልምጣ፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ባልሽ ልክ ነው፣ ትልልቆቹ መርከቦች ሱቅ፣ ካዚኖ፣ የበረዶ ሸርተቴ፣ ቲያትር ሁሉም አላቸው፣ አይከን ላይ ክፍል ለሁለት ሲያዝ 5,610 ሰው ነው የሚገባው፣ ልጆች ተጨምረው ሲሞላ እስከ 7,600 ይደርሳል፣ ሰራተኛው ደሞ 2,350 ነው። ግን ያ ሁሉ ሰው አንድ ቦታ የሚሄደው በአንድ ሰዓት ነው። ጠዋት 9 ሰዓት ቡፌው ጋ ከሄድሽ መቀመጫ ፍለጋ ሳህን ይዘሽ ትዞሪያለሽ፣ 7 ሰዓት ላይ ከሄድሽ መስኮቱ ጋ ብቻሽን ነሽ (በፈረንጅ ሰዓት ነው የማወራሽ)። መዋኛው ከ11 እስከ 4 አይቀመስም። የምር እኔ የምወደው ግን መርከቡ ወደብ የሚቆምበትን ቀን ነው፣ ኮዙሜል ወይ ሴይንት ቶማስ ሲደርስ ጠዋት ሰዉ ግር ብሎ ይወርዳል፣ እኛ እዛው እንቀራለን፣ ሙቅ ውሃው ገንዳ ባዶ፣ ሊፍቱ ባዶ፣ ሌላ ቀን ሰልፍ የሚያስይዘው ሁሉ ባዶ ነው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠሽ ያ አረንጓዴ የሚመስል ባህር ከፊትሽ ነው። ሴይንት ቶማስን አይተሽ የማታውቂ ከሆነ በእርግጥ ውረጂ፣ ቢያንስ ግን አንዱን ወደብ ዝለሉት። ትልልቆቹ ላይ ደሞ መሃላቸው ጣራ የሌለው የአትክልት ስፍራ አለ፣ ሴንትራል ፓርክ ይሉታል፣ እውነተኛ ተክል ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጭር ይላል፣ ባልሽን እዛ ቡና ይዞ አስቀምጪው።

ሌላው፣ ባልና ሚስት ስለሆናችሁ ብቻ ቀኑን ሙሉ ተጣብቃችሁ መዋል የለባችሁም። እኔ ትርኢት እወዳለሁ ዳንስ እወዳለሁ፣ ባለቤቴ ደሞ ዝም ብሎ ውሃውን ማየት ነው የሚወደው፣ የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ከተሰቀሉበት ስር ያለው በረንዳ ላይ ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ቀን በየፊናችን እንውላለን፣ ማታ 6 ሰዓት ግን እራት ላይ መገናኘት አለ፣ እሱ አይቀየርም። እና እህቴ እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛ አሜሪካ ያለን ሰዎች አንዱ ማታ ሺፍት አንዱ ቀን፣ አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ፣ ፍሪጁ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው የምናወራው፣ ስንት ባልና ሚስት አንድ ቤት እየኖረ ሳይተያይ ልጅ ያሳደገ አለ። እዛ ማንም አያበስልም፣ ማንም ሳህን አያጥብም፣ ማንም ሰዓት አይጠብቅም፣ ተቀምጣችሁ ትበላላችሁ ታወራላችሁ። እኔና ባለቤቴ ስለ እናቱ ህመም በደንብ ያወራነው እዛ እራት ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ቤታችን ሆነን ጊዜ አላገኘንለትም ነበር። ገንዘቡ የሚከፈለው ለዚህ ነው እላለሁ እኔ፣ ለሸርተቴው አይደለም። ስልካችሁን ገና ከወደብ ሳትርቁ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት፣ ለእረፍቱም ለኪሳችሁም ነው፣ የመርከቡን ኔትወርክ ከያዘ የስልክ ሂሳቡ ያስደነግጣል።

ገንዘቡ ላይ ባልሽ አሁንም ልክ ነው። ማስታወቂያው ላይ ያለው ዋጋ ብዙ ጊዜ በሰው ነው እንጂ በክፍል አይደለም፣ እሱም መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ከዛ ቲፕ አለ፣ ብዙዎቹ ላይ በቀን በሰው 18 ዶላር አካባቢ በራሱ ይቆረጣል፣ ለሁለት ሰው ለ7 ቀን 252 ዶላር መሆኑ ነው። ይሄን ሄዳችሁ አታስቀንሱ አደራ፣ ክፍልሽን የሚያጸዳው ልጅ ከፊሊፒንስ ወይ ከህንድ ወይ ከኢንዶኔዥያ ቤተሰቡን ትቶ ወራት ሙሉ ያለ እረፍት ቀን የሚሰራ ሰው ነው፣ እኛ ደሞ የስደት ስራ ምን እንደሆነ እናውቃለን። መቆጠብ የምትችዪው መጠጡ ላይ ነው። የአልኮል ፓኬጅ ብዙዎቹ መርከቦች ላይ አንዱ ከገዛ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሌላው አዋቂም እንዲገዛ ያስገድዳሉ፣ ለምሳሌ በቀን 90 ዶላር ቢሆን ለሁለታችሁ በሳምንት 1,260 ዶላር ሄደ፣ ቲፑ ገና ሳይጨመር። ባልሽ ማታ አንድ ሁለት ቢራ ነው የሚጠጣው ከሆነ እየከፈለ ይጠጣ፣ ውሃ፣ ተራ ቡና፣ ሻይ ነጻ ነው። ሁሉም ነገር በካርድ ስለሆነ የወጣው ገንዘብ አይታወቅም፣ በየማታው ሂሳቡን አፑ ላይ እዩት። ኢንሹራንስ ግን ግዙ፣ መርከቡ ላይ ያለው ክሊኒክ በቀጥታ ከናንተ ካርድ ነው የሚቆርጠው፣ የአሜሪካ ኢንሹራንስ ደሞ ውጭ ብዙ ጊዜ አይሰራም።

ወረቀት። አንቺ ፓስፖርት ይዘሽ ሂጂ። ዜጋ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዛው ሲመለስ በልደት ወይ በዜግነት ሰርተፊኬትና በመታወቂያ መሄድ ይችላል ይባላል፣ እውነት ነው፣ ግን ደሴት ላይ ብትታመሚና በአውሮፕላን መመለስ ቢኖርብሽ ያለ ፓስፖርት መከራ ነው። ባልሽ ግሪን ካርዱንም ያልተቃጠለ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱንም መያዝ አለበት። ሜክሲኮ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ላለው ቪዛ አትጠይቅም፣ ሌሎቹ ደሴቶች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ህግ አላቸው፣ ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት የምትቆሙባቸውን አገሮች በሙሉ ዝርዝር አውጥተሽ የየኤምባሲውን ገጽ እዪ። የሚጎድል ቪዛ ካለ ወደብ ላይ ነው የሚመልሱት፣ ከወረደም ባይወርድም፣ ገንዘቡም አይመለስም።

ለጾሙና ለጊዜው አንድ መልስ አለኝ፦ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሁዳዴ ሳይገባ ሂዱ። ነነዌንና ረቡዕ ዓርብን ብቻ ነው የምታስቡት፣ የፈረንጅ ገና እረፍት ስላለፈ ዋጋውም ይወርዳል፣ የአውሎ ነፋሱ ወቅትም ከጁን መግቢያ እስከ ኖቬምበር መጨረሻ ስለሆነ አይነካችሁም። ጥር ላይ ባሃማስ አካባቢ ቀዝቃዛ ንፋስ ሊኖር ይችላል፣ ስለዚህ ወደ ሜክሲኮ ወይ ወደ ደቡብ የሚወርደውን ምረጡ። ለጾም ቀን ስትመዘግቢ ቪጋን ብለሽ አስመዝግቢ፣ የመጀመሪያው ማታ ደሞ ለአስተናጋጆቹ አለቃ ንገሪው፣ የነገውን ሜኑ ማታውኑ አምጥቶ ያስመርጥሻል። እኛን ያስተናገደን ህንድ ነበር፣ ወተትና ቅቤ የለበትም ብሎ ምስርና ሽምብራ በቅመም አሰርቶ ሲያመጣልን ባለቤቴ ሚጥሚጣውን ከኪሱ አውጥቶ ነሰነሰበት፣ ሰውዬው ቀመሰውና በሚቀጥለው ማታ ራሱ መጥቶ ጠየቀው።

ከባልቲሞር ለምን አንሄድም ትይ ይሆናል፣ ለናንተ ቅርብ ስለሆነ። ትልልቆቹ በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ስር ስለማያልፉ ከዛ የሚነሱት አነስ ያሉት ናቸው፣ በክረምት ደሞ ሙቀቱ ጋ ለመድረስ ቀዝቃዛውን አትላንቲክ ማቋረጥ አለ። ባህር ለሚፈራ ሰው ፍሎሪዳ ይሻላል፣ ግን መርከቡ በሚነሳበት ቀን እንዳትበሩ፣ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

ጥያቄ፦ አሳይለም (ጥገኝነት) አመልክቼ እየጠበቅኩ ነው፣ ወርክ ፐርሚት አለኝ። ጓደኞቼ ክሩዝ ሊሄዱ ነው፣ መርከቡ ከማያሚ ተነስቶ ማያሚ ስለሚመለስ ከአሜሪካ እንደወጣህ አይቆጠርም ይሉኛል። ልሂድ?
ከዳላስ

መልስ፦ እንዳትሄድ ወንድሜ! ይቆጠራል። ባሃማስም ሜክሲኮም ሌላ አገር ነው፣ አሳይለም አመልካች አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ ቀድሞ የሚወጣ ፈቃድ) ሳይዝ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወው ነው የሚታየው፣ ወርክ ፐርሚት ብቻውን አያስመልስህም። አድቫንስ ፓሮል ቢኖርህም ጠበቃህን ሳታማክር አትንቀሳቀስ። አሳይለም የተፈቀደላቸውም ቢሆኑ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ አውጥተው ነው እንጂ በኢትዮጵያ ፓስፖርት መውጣት ጣጣ አለው። መርከቡ ባዕድ አገር መቆሙ ደሞ ዝም ብሎ አይደለም፣ ከ1886 ጀምሮ ያለ ህግ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው ብቻ ሰው እንዳያመላልስ ይከለክላል፣ የካሪቢያኖቹ ደሞ ብዙዎቹ የባሃማስ ወይ የፓናማ ባንዲራ ነው የሚይዙት። የአሜሪካ ባንዲራ ያለው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ የሚባል አንድ ትልቅ መርከብ አለ፣ ከሆኖሉሉ ተነስቶ የሃዋይ ደሴቶችን ብቻ ዞሮ ይመለሳል፣ ውጭ አገር አይነካም። እሱንም ቢሆን ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ለጠበቃህ አሳየው።

ጥያቄ፦ ጀበና፣ ትንሽዬ የኤሌክትሪክ ምድጃና እጣን ይዘን መግባት እንችላለን ወይ? ቆሎና ድፎ ዳቦስ?
ከአትላንታ

መልስ፦ ምድጃው፣ እጣኑ፣ ሻማው፣ ካውያው፣ ኤክስቴንሽኑም ጭምር አይገባም፣ ሻንጣ ሲፈተሽ ይወስዱታል። መርከብ ላይ ከሁሉ የሚፈራው እሳት ነው፣ ባህር መሃል እሳት አደጋ መኪና የለም። ድፎ ዳቦውም ቤት የተጋገረ ስለሆነ አያሳልፉትም። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን ከሱቅ የተገዛ፣ ታሽጎ ያልተከፈተ ከሆነ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፣ በርበሬና ሚጥሚጣም እንደዛው፣ የሚመለከታችሁን ኩባንያ ዝርዝር ግን ቀድማችሁ አንብቡ። ለቡናው ኤስፕሬሶ ያለበት ቡና ቤት አለ፣ እሱ ግን ከቡፌው ቡና በተለየ ይከፈልበታል።