መኪናውን ከመግዛትህ በፊት አንድ ወቅት ተቀጥረህ ንዳ

ጥያቄህን ለሌሎች አንባቢዎች ባጭሩ ልድገመው። ዕድሜህ 27 ነው፤ ከጎንደር ደባርቅ ሚኒባስ ስትነዳ አምስት ዓመት ሞልቶሃል። የውጭ አገር እንግዶች አንድ ሁለት ሆነው በላንድክሩዘር ሰሜን ተራሮችን አይተው በዕለቱ ሲመለሱ መንገድ ላይ ታያቸዋለህ፤ ያ ሾፌር በአንድ ጉዞ የሚያገኘውን አንተ ስንት ቀን ተመላልሰህ እንደምታገኘው አስልተሃል። ዕቁብ ደርሶሃል፤ ቀሪውን አክስትህ ሊሞሉልህ ፈቅደዋል። እንግሊዝኛህ ግን ደካማ ነው። «መጀመሪያ ቋንቋ ልማር ወይስ መኪናውን ልግዛ?» ብለሃል።

ሁለቱም ይቆዩ። ከመስቀል እስከ ጥምቀት ያለውን ወቅት ፈቃድ ባለው አስጎብኚ ድርጅት ተቀጥረህ ንዳ። ቋንቋውን ማታ ማታ ታጠናዋለህ፤ መኪናው ደግሞ ከጥምቀት በኋላም ይገኛል።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳህ። መንገዱን ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጉሙ በስንት ሰዓት እንደሚገፈፍ፣ ዳባት መግቢያ ላይ ከብት እንዴት እንደሚሻገር ማንም አያስተምርህም። ነገር ግን ሚኒባስ ያስተማረህ ወንበር መሙላትና መቸኮል ነው። ይህኛው ሥራ ከዚያ ተቃራኒ ነው፤ እንግዳው የከፈለው ለወንበር ሳይሆን ለሙሉ ቀን ነው። ያ ቀን እንዳይባክንበት የምትጠብቅለት አንተ ነህ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት እንግዶች ጋር ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ ወዳለው የሳንቃበር ካምፕ ሄጄ ነበር። ሾፌሩ ጸጥ ያለ ሰው ነው። ገና ሳይነጋ ሆቴሉ በር ላይ ቆሞ የጎን መስታወቶቹን ከውስጥ በኩል በጋዜጣ ሲወለውል አገኘሁት፤ ከውጭ ያለውን አቧራ ሁሉም ያጥባል፣ ፎቶ የሚያበላሸው ግን የውስጡ እንፋሎት ነው አለኝ። ኮሶዬ ስንደርስ ማንም ሳይጠይቀው ዳር ይዞ ቆመና ሞተሩን አጠፋ። እንግዶቹ ወርደው ሸለቆውን ሲያዩ አንዲት ቃል አልተናገረም። ሚኒባስ ሾፌር መንገደኛ ሲያወርድ ሞተር እንደማያጠፋ አንተም ታውቃለህ። እኔ በዚያ ቀን ካየሁት ሁሉ የማልረሳው ያችን ሞተር የጠፋችበትን ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ልትገዛው ያሰብከው መኪና ባለ አምስት መቀመጫ ነው። ወደ ፓርኩ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ታጣቂ ጠባቂ፣ አይገባም፤ ደባርቅ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ተመዝግባችሁ፣ መግቢያ ከፍላችሁ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት አብሯችሁ ይሳፈራል። አብዛኛው እንግዳ ደግሞ ከደባርቅ የአካባቢ አስጎብኚ ይይዛል። አንተ፣ ስካውቱ፣ አስጎብኚው ስትቀመጡ ለእንግዳ የሚተርፈው ሁለት ቦታ ነው። ሦስት ሆነው ቢመጡ ከሰዎቹ አንዱ የስካውቱን ጠመንጃ እግሩ ሥር አስቀምጦ ተጣብቦ ይሄዳል። ይህን ከመኪና ሻጭ አትሰማውም፤ ተቀጥረህ ስትነዳ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ይገባሃል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ጎንደርና ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ብትነሡ ቁርስና ምዝገባን ጨምሮ ፓርኩ ውስጥ የምትገቡት ረፋድ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ጠጠር መንገድ ነው። ቡይት ራስ አካባቢ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር ሲነጩ ታገኛቸዋለህ፤ የጅንባር ፏፏቴን ለማየት ጥቂት በእግር መሄድ ያስፈልጋል፤ ሳንቃበር ምሳ ይበላል። ከዚያ መመለስ ነው፤ በጨለማ መንዳት የለብህምና። ከሳንቃበር አልፎ እስካለው ጨነቅ የሚባል ካምፕ ድረስ ዘልቆ ዋልያ ማየት ለአንድ ቀን ጉዞ ጥድፊያ ይሆናል። ራስ ደጀንማ ጨርሶ አይታሰብም፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው፣ በእግር ቀናት ይፈልጋል። ሆኖም «ራስ ደጀንን በአንድ ቀን አሳያችኋለሁ» ብሎ እንግዳ የሚወስድ አይጠፋም፤ ሳንቃበር ላይ ቆሞ በጣቱ አንዱን ጫፍ ያሳያል። አንተ ይህን እንዳታደርግ። በአንድ ቀን የሚደረሰውን ብቻ ቃል ግባ።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልብ በል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ናት፤ ሳንቃበር ከ3,200 በላይ ነው። ትናንት በአውሮፕላን የገባ ሰው ዛሬ እዚያ ላይ ራሱን ቢያመው፣ ቢያቅለሸልሸው አይግረምህ። ውኃና ወፍራም ብርድ ልብስ መኪናው ውስጥ ይኑርህ። እንግዳው እየባሰበት ከሄደ ፕሮግራሙን ትተህ ወደ ታች መልሰው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አትከራከር።

ቋንቋን በተመለከተ ብዙ ስጋት አይግባህ። ፓርኩ ውስጥ ታሪክ የሚያወራው አስጎብኚው ነው። ከአንተ የሚፈለገው «እዚህ ልቁም?»፣ «በረደዎት?»፣ «ለመመለስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል» ማለት ነው። አንዳንድ ጥያቄ ግን ወደ ሾፌሩም ይመጣል። ፓርኩ በዩኔስኮ ተመዝግቦ የለም ወይ፣ አደጋ ላይ ነው ሲባል ሰምተናል ይሉሃል። መልሱ አጭር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ነው፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተራ ገባ፣ በ2017 ከዚያ መዝገብ ወጣ። ከፓርኩ ውስጥ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ መዛወራቸውንም ብትነግራቸው ነውር የለውም። በመመለሻው ላይ ጊዜ ከተረፈ ጎንደር አጠገብ ያለችውን የወለቃ መንደር ማሳየት ትችላለህ፤ የፋሲል ግቢና ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ድካም ባለበት አመሻሽ ላይ አይታዩም፣ ለማግሥቱ ይቆዩ።

ሕጉን ቀለል አድርገህ አትየው። በቤት መኪና ሰሌዳ፣ ማለትም በኮድ 2፣ እንግዳ በክፍያ ማመላለስ ሕገወጥ ነው፤ አደጋ ከደረሰ መድንህም አያድንህም። ለብቻህ ድርጅት ከመክፈትህ በፊት የሚቀልህ መንገድ መኪናውን በንግድ ሰሌዳ አስመዝግበህ ፈቃድ ላለው አስጎብኚ ድርጅት ከነራስህ በኮንትራት ማከራየት ነው። ትርፉ ያንሳል፤ እንግዳ ፍለጋው፣ ግብሩና ደብዳቤው ግን የእነሱ ራስ ምታት ይሆናል።

የመኪናው ዋጋ ያሳስበኛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና የያዘ ሰው ዋጋውን በቀላሉ አይቀንስም። በኤሌክትሪክ መኪናስ ብትል፣ ደርሶ መልስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አብዛኛው ዳገትና ብርድ፤ እኔ ብሆን አልደፍረውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚከብደው የሰላሙ ነገር ነው። ወረርሽኙ፣ የሰሜኑ ጦርነት፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ያለው ግጭት፤ እያንዳንዳቸው እንግዳውን ከጎንደር አርቀውታል። ሚኒባስ ቢከፋም ተሳፋሪ አያጣም፤ የጉብኝት መኪና ግን መንገድ በተዘጋ ቀን ቆሞ ይከርማል፣ ዕዳው ግን አይቆምም። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ሰሜን ላይ ቆሞ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ በነሐሴ፣ ድርጅቶች ለወቅቱ ሾፌር በሚፈልጉበት ጊዜ፣ መንጃ ፈቃድህንና ከሚኒባሱ ባለቤት የተጻፈ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዘህ ጎንደር ያሉትን አንድ በአንድ ዙር። ደመወዙ አሁን ከምታገኘው ቢያንስም እሺ በል። የሄድክበትን ቀን ሁሉ በደብተር ጻፍ፤ ስንት ሰው ነበር፣ ስንት ሊትር ነዳጅ ጠጣ፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ስንት ሰዓት ቆምክ፣ ስንት ቀን ያለ ሥራ ዋልክ። ለአክስትህ ደግሞ ገንዘቡን እስከ ጥምቀት ማግሥት እንዲያስቀምጡልህ ንገራቸው። ያኔ ደብተሩን ይዘህ ጻፍልኝ፤ መኪና መግዛትና አለመግዛትህን ከእሱ ላይ አብረን እናሰላዋለን።