ባትሪ የማይጠይቅ፣ ፊልም ግን የሚጠይቅ ካሜራ

በሞላ፣ ማለትም ተጠምዝዞ በሚታመቅ የብረት ጥቅል ኃይል፣ ስለሚሠሩ አሮጌ የፊልም ካሜራዎች ከደረሱን ደብዳቤዎች ለሦስቱ በዚህ እትም መልስ እንሰጣለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባቴ በደርግ ዘመን ሞስኮ ተምረው ሲመለሱ ያመጡት ትንሽ የፊልም ካሜራ ከቁም ሣጥን ሥር ተገኘ። ጎኑ ላይ ያለው መጠምዘዣ ሲዞር ይሞላል፤ ቁልፉን ስጫነውም እየተርገበገበ ይሠራል። ፊት ለፊቱ ላይ «2×8» የሚል ጽሑፍ አለበት። ፊልም ገዝቼ ልጆቼን ልቀርጽበት እችላለሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ክዳኑን በብርሃን እንዳይከፍቱት አደራ እላለሁ። አባትዎ የጀመሩት ፊልም ውስጡ ቀርቶ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ብልጭ ያለ ብርሃን አርባ ዓመት የቆየውን ምስል ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ሌሊት፣ መብራት በጠፋበት ክፍል፣ ከተቻለም በወፍራም ጋቢ ሥር ከፍተው በጣትዎ ዳሱት። ከቦቢና ቦቢና የተዘረጋ ስስ ጥብጣብ ካገኙ፣ በዚያው ጨለማ ውስጥ አውጥተው በአሉሚኒየም ወረቀት ሁለት ጊዜ ጠቅልለው በቆርቆሮ ጣሳ ያስቀምጡት። እንዲህ ያለውን ያረጀ ፊልም በጥንቃቄ የሚያጥቡ ቤቶች በውጭ አገር አሉ። አብዛኛውን ጊዜ በጥቁርና ነጭ ስለሚያጥቡት ቀለሙ አይመለስም፤ ሰዎቹ ግን ሊታዩ ይችላሉ።

ፊልሙን እንደ ልማዳችን በሰው እጅ የሚልኩ ከሆነ ለተላከው ሰው በደንብ ሊያስረዱት ይገባል። በሻንጣ ውስጥ ገብቶ ወደ ጭነት መሄድ የለበትም፣ ምክንያቱም ለጭነት ሻንጣ የሚውለው የኤክስሬይ ፍተሻ ያልታጠበ ፊልም ያበላሻል። በቅርብ ዓመታት በየአየር ማረፊያው ለእጅ ሻንጣ የተተከሉት የሲቲ መፈተሻዎችም ከዚያ አይሻሉም። ሰውየው ጣሳውን በእጁ ይዞ «በእጅ ይፈተሽልኝ» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ጽሑፉ እንምጣ። በሶቭየት ካሜራ ላይ «2×8» ማለት ካሜራው ድርብ 8 የሚባለውን ፊልም ይጠቀማል ማለት ነው። ይህን ፊልም ኮዳክ ያወጣው በ1932 ሲሆን፣ ዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን በመሆኑ ዋና ዓላማው ቤተሰብ ቤቱን የሚቀርጽበትን ወጪ መቀነስ ነበር። ፊልሙ 16 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። መጀመሪያ ሲያልፍ ግማሽ ጎኑ ብቻ ብርሃን ያገኛል፤ ከዚያ ቦቢናው ተገልብጦ ሲመለስ ሌላው ግማሽ ይቀረጻል፤ ከታጠበ በኋላ መሃል ለመሃል ተሰንጥቆ ሁለቱ ወገኖች ጫፍ ለጫፍ ይያያዛሉ። የተለመደው 25 ጫማ ቦቢና በእያንዳንዱ ወገን 2,000 ያህል ምስል ስለሚይዝ፣ በሴኮንድ 16 ምስል ሲቀረጽ በአንድ ወገን ሁለት ደቂቃ፣ በጠቅላላው አራት ደቂቃ ብቻ ያገኛሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመገልበጡ ላይ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ፊልሜን ረስቼ ሦስተኛ ጊዜ አስገብቼው፣ የአክስቴን ቡና በአጎቴ ልጅ ሠርግ ላይ ደርቤ ቀርጫለሁ።

ከ8 ቀጥሎ በሩስያኛ የ«ኤስ» ድምፅ ያለው ፊደል ቢኖር ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። እሱ ሱፐር 8 ነው። በ1965 የመጣ፣ ቀዳዳዎቹ ያነሱ፣ ምስሉም የሰፋ ፊልም ሲሆን፣ «1×8ኤስ» የሚል ምልክት ያለበት ካሜራ በተዘጋ ካሴት ይጎርሰዋል። የድርብ 8 ፊልምና የሱፐር 8 ፊልም ቀዳዳ ስለማይመሳሰል አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት ፊልሙን መቅደድ ነው። ከሁለቱ ፊልሙ ዛሬ በቀላሉ የሚገኘው ሱፐር 8 ነው፤ ለእርስዎ ካሜራ የሚሆነውን ድርብ 8 ግን ከልዩ አቅራቢዎች መፈለግ ግድ ይላል። በቼክ ሪፐብሊክ ያለው ፎማ ለዚህ ዓይነት ካሜራ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሲያቀርብ ቆይቷል።

ስለዚህ ካሜራው ይሠራል ወይ ከሚለው በፊት ፊልሙ ከየት ይመጣል፣ የትስ ይታጠባል የሚለውን ይጨርሱ። መልስ ካገኙለት በኋላ የሞላውን ጤንነት ይፈትሹ። የማይፈለግ የድርብ 8 ቁራጭ ፊልም ላይ በየ30.5 ሴንቲ ሜትር ምልክት አድርገው ያስገቡና፣ ፍጥነቱን 16 ላይ አድርገው በሰዓት ይለኩ። በሁለት ምልክት መካከል ያሉት 80 ምስሎች በአምስት ሴኮንድ ማለፍ አለባቸው። ሲጀምር ደህና ሆኖ ወዲያው የሚያዘግም ከሆነ ቅባቱ ደርቋል ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ በማለዳ ብርድ ይብሳል። የሞላውን ቤት ራስዎ እንዳይከፍቱት፤ ተጠምዝዞ የታመቀ ብረት ሲለቀቅ እጅ ይጎዳል። ሥራ ሲጨርሱም ሞላው እንደተሞላ አያስቀምጡት፤ ቀሪውን አስጨርሰው ያሳድሩት።

ጥያቄ፦ 16 ሚሊ ሜትር ካሜራ መግዛት እፈልጋለሁ። በኢንተርኔት ቦሌክስ ኤች16 ውድ፣ ክራስኖጎርስክ-3 ግን ርካሽ ሆኖ አየሁ። ልዩነቱ ገንዘቡን ያወጣል? (ከአሌክሳንድርያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ በእኔ አስተያየት ያወጣል፤ ነገር ግን ለሁሉም ሰው አይደለም። ቦሌክስ ኤች16 የስዊዘርላንዱ ፓያር ኩባንያ በ1935 ያወጣው ካሜራ ነው፤ ሰዓት በሚሠራ አገር የተሠራ መሆኑን ውስጡን ከፍቶ ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ፊልሙን ወደ ኋላ መልሶ በላዩ ላይ እንደገና መቅረጽ፣ ምስል በምስል እየነጠሉ ማንሳት ያስችላል። ክራስኖጎርስክ-3 በበኩሉ በሌንሱ በኩል የሚያሳይ ማያ አለው፤ ከ17 እስከ 69 ሚሊ ሜትር የሚያቀርብና የሚያርቅ ጥሩ ሌንስም ይዞ ይመጣል። ለጀማሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሁለቱም 100 ጫማ ቦቢና ይጎርሳሉ፤ ይህም በሴኮንድ 24 ምስል ሁለት ደቂቃ ከ46 ሴኮንድ ይሆናል። ሞላው አንድ ጊዜ ተሞልቶ የሚያስኬደው ግን ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም።

ከመግዛትዎ በፊት ሻጩን የሚጠይቁት ጥያቄ እንደ ካሜራው ይለያያል። ቦሌክስ ከሆነ ፊልም የሚስቡት ጥርሶች በአንድ ወገን ብቻ ናቸው ወይስ በሁለቱም? ለድምፅ አልባ ፊልም የተሠሩት የመጀመሪያዎቹ ካሜራዎች በሁለቱም ጠርዝ ቀዳዳ ያለው ፊልም ይፈልጋሉ፤ ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ግን በአንድ ጠርዝ የተበሳ ነው። ማያው በሌንሱ በኩል የሚያሳይ ዓይነት ቦሌክስ ከሆነ ደግሞ ከ50 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑት ሌንሶች «አርኤክስ» የሚል ምልክት ያላቸው ቢሆኑ ይመረጣል፤ በካሜራው ውስጥ ያለው ብርሃን ከፋይ መስታወት የሌሎቹን ጥራት ስለሚቀንስ ነው። ክራስኖጎርስክ ከሆነ ፊልም ሲገባ በራሱ ጥምዝ እንዲሠራ የተገጠሙትን የብረት መሪዎች ይመልከቱ፤ ፊልም ይጭራሉ እየተባለ ብዙ ባለቤቶች ነቅለዋቸዋል፤ ተነቅለው ካገኟቸውም አይደንግጡ። የብርሃን መለኪያው የተሠራለት የሜርኩሪ ባትሪ ድንጋይ ዛሬ ስለማይሸጥ በእጅ የሚያዝ መለኪያ ወይም የስልክ መተግበሪያ ያስፈልግዎታል።

ፊልሙ በተዘጋ ሣጥን ተጭኖ ወደ ካሜራው የሚገባበትን ዓይነት ዋጋው ምንም ቢረክስ ይተዉት፤ ሣጥኑን የሚሞላልዎት ሰው የለም። እዚያው አሜሪካ ለአንድ 100 ጫማ ፊልም መግዣ፣ ማጠቢያና ስካን ማድረጊያ በአብዛኛው ከ100 ዶላር በላይ እንደሚሄድ አስበው የካሜራውን በጀት ይወስኑ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሲግድ፣ በቤተ እስራኤላውያን በዓል፣ አያቴን ኢየሩሳሌም ላይ በአሮጌ 16 ሚሊ ሜትር ካሜራ ቀረጽኳት። ነጠላዋ በጣም አማረ፣ ፊቷ ግን ጠቁሮ አይታይም። ድምፁን በስልኬ ቀድቼው ነበር፤ እሱም ከምስሉ ጋር አልገጥም አለ። (ከኔታንያ)

መልስ፦ ሁለቱም ችግሮች የተለመዱ ናቸው። መለኪያዎ ያነበበው ነጠላውን ነው። ማንኛውም መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጭ ሲያይ ሌንሱን ያጠብባል፤ ከነጩ አጠገብ ያለ ጠይም ፊት ደግሞ በዚያው መጠን ይጨልማል። በሚቀጥለው ጊዜ ወደ አያትዎ ቀርበው ከፊታቸው ላይ ብቻ ይለኩ፤ ወይም መዳፍዎን በዚያው ብርሃን ዘርግተው ከእሱ ይለኩ። ፊልሙ ኔጋቲቭ ከሆነ ከዚህ በላይ አንድ ደረጃ (ብርሃኑን እጥፍ የሚያደርግ) ቢከፍቱም ነጠላው ይችለዋል። በቀጥታ ወደ ማሳያ የሚወጣው እንደ ኤክታክሮም ያለው ፊልም ግን ይህን አይታገሥም፤ ለእንደዚህ ያለው ቀን ባይመርጡት ይሻላል። ካሜራዎ በ24 ምስል ሲሠራ መዝጊያው በግምት አንድ ስልሳኛ ሴኮንድ ስለሚከፈት፣ በጠራ ፀሐይ የ50 ኤኤስኤ (ፊልሙ ብርሃን የመቀበል አቅሙ ልኬት) ፊልም ኤፍ16 በሚባለው ጠባብ የሌንስ መክፈቻ አካባቢ ይበቃዋል። 200 ኤኤስኤ ቢያስገቡ ግን ሌንሱ ሊጠብ ከሚችለው በላይ ብርሃን ስለሚገባ ግራጫ ማጣሪያ ያስፈልጋል።

የድምፁ ጉዳይ ከሞላው ጠባይ የመጣ ነው። የሞላ ካሜራ ልክ 24 ላይ አይቆምም፤ የተጻፈበትና የሚሄድበት ፍጥነት ይለያያል። በ1963 አብርሃም ዛፕሩደር የፕሬዚዳንት ኬኔዲን ግድያ የቀረጸበት ካሜራ በሞላ የሚሠራ ቤል ኤንድ ሃዌል ነበር፤ መርማሪዎች በተኩሶቹ መካከል ያለውን ጊዜ ለማወቅ ካሜራውን ራሱን መለካት ነበረባቸው፤ ያገኙትም በሴኮንድ 18.3 ምስል ነው። እርስዎም ከንፈርና ቃል ለማጋጠም አይልፉ። የቄሶቹን ጸሎትና ከጾሙ ፍቺ በኋላ ያለውን ዘፈን ከካሜራው ራቅ ብለው፣ መርገብገቡ በማይሰማበት ቦታ በረጅሙ ይቅዱና በምስሉ ሥር ያስኪዱት። አያትዎ ሲናገሩ ከቀረጹ ግን በኮምፒውተር ላይ የምስሉን ፍጥነት በጥቂቱ እየለወጡ ማስተካከል ይቻላል፤ ይህም ከሃያ ሴኮንድ ለማይበልጥ ቁራጭ ብቻ የሚያዋጣ ሥራ ነው።